አራተኛው ድንጋይ

ጠርጥር የሚለውን ስም ያወጡላት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሴቶች ናቸው። ሁሉም ሰው ከሚያውቀው ተረት የመጀመሪያዋን ቃል ቆርጠው ለጠፉባት፤ የቀረውን እሷ በሌለችበት ይጨርሱት ነበር። በፋብሪካው በር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈታሽ ሆና ስትሠራ ከጡት መያዣ ውስጥ ክር፣ ከምሳ ዕቃ ክዳን ሥር መቀስ፣ አንድ ጊዜም ነፍሰ ጡር ነኝ ካለች ሴት ሆድ ላይ ስድስት ሜትር አቡጀዲ ፈትታ አውጥታለች። ስለዚህ ስሙ አልከፋትም። ሰው ጠልታ እንዳልሆነ፣ ሰው ከመበላሸቱ በፊት ልትደርስበት ፈልጋ እንደሆነ ለጠየቃት ሁሉ ታስረዳ ነበር።

ፋብሪካው ሲዘጋ ከከተማው በላይ፣ ኮረብታው አናት ላይ ያለው የጥንት ፍርስራሽ ጠባቂ ሆና ተቀጠረች። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቷ። ፍርስራሹ እኩሌታው የፈረሰ ግንብና ጣሪያ የሌላቸው ክፍሎች ናቸው፤ ሰው ኮረብታውን እያለከለከ የሚወጣው ግን ለግንቡ ብሎ አይደለም። ከግንቡ ጀርባ፣ ሸለቆው ወለል ብሎ በሚታይበት ጠርዝ ላይ፣ ሰባት ረጃጅም ጥቁር ድንጋዮች አሉ። እንደ ሳንቃ ጠፍጣፋ ሆነው እያንዳንዳቸው በሁለት ትናንሽ ድንጋዮች ላይ ተጋድመዋል። ሲመቷቸው እንደ ብረት ይጮኻሉ፤ የሰባቱም ድምፅ ለየቅል ነው። ማን እንዳጋደማቸው የሚያውቅ የለም፤ የሚናገር ግን ሞልቷል።

ከሚናገሩት ሁሉ ቀዳሚው የታናሽ እህቷ ባል ነበር። የፍርስራሹ አስጎብኚ ነው፤ እሷንም ያስቀጠራት እሱ ነው። ምላሱ ቅቤ ነው። ጎብኚዎቹን ሰብስቦ፣ የእንጨት መዶሻውን ከቀበቶው መዝዞ፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተራመደ አንድ ዜማ ይመታል። "የንጉሡ መመለሻ" ይለዋል፤ ንጉሡ ከዘመቻ ሲመለስ ይመታ የነበረ ነው ብሎ ይምልበታል። አንድ ጊዜ የሬዲዮ ሰዎች መጥተው ቀዱት። ከዚያ ወዲህ ስለ ጥንት ነገር በተወራ ቁጥር ያ ዜማ ከሥር ይገባል፤ ቴሌቪዥኑ ተራራና ገደል ባሳየ ቁጥር ያ ዜማ አለ፤ የሠርግ ሙዚቀኞች ሳይቀሩ ሙሽራ ሲገባ ይነፉታል። የከተማው ሰው አሮጌ ግድግዳ ሲያይ ሳያስበው የሚያንጎራጉረው እሱኑ ሆነ። ጠርጥር አንድ ቀን ከየት እንደተማረው ጠየቀችው። ከአባቶች ነው አላት። አባቱ የአውቶቡስ ሾፌር እንደነበሩ ታውቃለች፤ ግን የእህቷ ባል ነውና ዋጥ አደረገችው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ተሽሏት ሥራ በገባች በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሩ ገና ከመከፈቱ አንድ ሰውዬ መጣ። ስልሳዎቹን የዘለለ፣ ቀጭን፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ ቡናማ የቆዳ ቦርሳ ያንጠለጠለ። ግንቡን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ቀጥ ብሎ ወደ ድንጋዮቹ ሄደ። ከቦርሳው ጫፏ ቆዳ የለበሰች ትንሽ መዶሻ አወጣና የመጀመሪያውን አንዴ መታ፤ አንገቱን አዘንብሎ ሰማ፤ ዞሮ በሌላው ጆሮው ሰማ፤ ጻፈ። ሁለተኛውን እንዲሁ፣ ሦስተኛውን እንዲሁ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ስድስት ጊዜ መታ። ከዚያ የቀሩትን ሦስቱን ሳይነካ ሄደ።

ሐሙስ ተመለሰ። በሚቀጥለው ማክሰኞም እንዲሁ። በአራተኛ ምልልሱ አራተኛው ድንጋይ ሥር ተንበርክኮ፣ እጁን ከታች ሰድዶ በጥፍሩ ሲቧጥጥ አየችው። ጠርጥር ነገር እንዳለ ገባት። ከሁለት ዓመት በፊት ወርቅ አለ ብለው ከግንቡ ሥር የቆፈሩ ሰዎች ነበሩ፤ የተዉት ጉድጓድ እስካሁን አልተደፈነም። እነሱም ሲጀምሩ ግድግዳውን እያንኳኩ፣ የትኛው ውስጡ ባዶ እንደሆነ ሲያዳምጡ ነበር።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ አስቆመችውና ቦርሳውን እንዲከፍት ጠየቀችው። ሳይከራከር ከፈተ። መዶሻዋ፣ ሁለት ጣት ያለው የብረት ሹካ፣ የተለያየ መፍቻ፣ የወፍራም ጨርቅ ቁርጥራጭ፣ በቁጥር የተሞላ ደብተር። ምን እንደሆኑ ብትጠይቀው "የሥራ ዕቃ" ብሎ ዘጋው። ምን ሥራ እንደሆነ ብትጠይቀው ፊቷን ትኩር ብሎ አያት። ሌባ እንዲያ አያይም። ሌላ ነገር የሚያጠና ሰው ነው እንዲያ የሚያይ።

ያን ዕለት ለእህቷ ባል ነገረችው። እሷ አንድ ነገር ስትጠረጥር እሱ መሳቅ ልማዱ ነው፤ ጎብኚዎቹን "የኛ ጠርጥር ነፋሱንም ሳትፈትሽ አታስገባም" እያለ ያስቃቸው ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቀም። ሰውዬው የትኛው ድንጋይ ላይ እንደተንበረከከ ጠየቃት፤ ነገረችው። ከዚያ ጠርጣራነቷ ዛሬ ልክ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሁለተኛ በሩን መርገጥ እንደሌለበት፣ ለቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም ራሱ እንደሚናገር ቃል ገባላት። ጠርጥር ደስ አላት። በአሥራ አንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሲደግፋት የመጀመሪያው ነው። ነገሩን ቆይታ ስታስበው፣ መጠርጠር የነበረባት እዚያው ላይ ነበር።

ረቡዕ የእረፍት ቀኗ ነው። ሰውዬው ከኮረብታው ወርዶ የሚሳፈርበትን አውቶቡስ ለይታ ስለነበር፣ ረቡዕ ማለዳ ሹፌሩን አጠያየቀች፤ የቱ ጋ እንደሚወርድ ሹፌሩ ያውቃል። እዚያው ወረደች። መንገዱ በግራና በቀኝ የመኪና ጎማ ጠጋኝ፣ የመስተዋት ቆራጭ፣ የአልጋ ሠሪ ሱቅ ነው። ግራጫ ካፖርት የሚለብስ፣ ቡናማ ቦርሳ የሚይዝ ሰው ብላ ስትጠይቅ አልጋ ሠሪው በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ጠቆማት፤ ከሱቁ ጀርባ።

በጠባብ መተላለፊያ አልፋ ክፍት በር አገኘች። ውስጡ በፒያኖ ተጨናንቋል። አንዱ ሆዱ ተከፍቶ ሽቦዎቹ ይታያሉ፤ የሌላው ጥርሶች አንድ በአንድ ወልቀው ጋዜጣ ላይ ተደርድረዋል። ሰውዬው ካፖርቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ አንዱን ሽቦ ያጠብቃል። ቀና ብሎ ሲያያት መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

"ተከትለውኝ መጡ" አላት፤ ጥያቄ አልነበረም።

"ተከትዬዎታለሁ። እርስዎስ እዚያ ምን እንደሚፈልጉ ይነግሩኛል?"

በሩን ተመለከተ፤ ብቻዋን መሆኗን አረጋገጠ መሰል። ወንበር አልሰጣትም። እንደምታየው ፒያኖ ቃኚ መሆኑን ነገራት፤ ሥራው በጆሮ እንጂ በእጅ እንዳልሆነ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ በክረምት መግቢያና መውጫ፣ ሁልጊዜ እሷ በማትገኝበት ረቡዕ ቀን ኮረብታው ላይ እየወጣ ጆሮውን በሰባቱ ድንጋዮች ሲፈትን እንደኖረ ተረከላት። ሽቦ ይረግባል፣ እንጨት ይጣመማል፣ ድንጋይ ግን ባለበት ነው። ሁለት ጆሮዎቹ ከድንጋዮቹ ጋር እስከተስማሙ ድረስ እንጀራውን እንደማያጣ ያውቃል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ቀኝ ጆሮው እየደከመ መጥቷል፤ ይህን ለማንም አልተናገረም። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ግን ማክሰኞ ሄዶ አራተኛውን ሲመታ ድምፁ ሌላ ሆኖ አገኘው።

"ጆሮዬ ሞተ ነው ያልኩት" አለ። "ቤቴ ገብቼ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ። የትምህርት ቤት ፒያኖ እንድቃኝ ተጠርቼ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ደንቆሮ ቃኚ ምን ይሠራል?"

በዚያ ምክንያት ነበር የተመላለሰው። ስድስቱን በትክክል እየሰማ አንዱን ብቻ እንዴት ሊስት ይችላል? ደብተሩን አምጥቶ አሳያት፤ የሠላሳ ዓመት ቁጥር በየተራ ሰፍሯል። በመጨረሻ ተንበርክኮ የድንጋዩን ሆድ ሲዳብስ የመሮ ምልክት አገኘ፤ ትኩስ ምልክት፤ ሌሎቹ ስድስቱ ከሥር ልስልስ ናቸው። ያኔ ገባው። ጆሮው ሳይሆን ድንጋዩ ነው ሌላ። አንድ ሰው አንስቶታል፤ በቦታው ሌላ አስቀምጧል።

"ማን?" አለች ጠርጥር።

ቃኚው መፍቻውን ከመሬት አነሳ። "እኔ ከእርስዎ በቀር እዚያ ቆሞ የሚውል ሰው አላየሁም።"

ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ሠላሳ ዓመት የሰው ብብት ስትዳብስ አንድም ሰው ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ አያውቅም። ሴቶቹ በፋብሪካው በር ላይ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጣሪያ ላይ ሰቅለው ሲቆሙ ምን ይሰማቸው እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመሰችው፤ ንጹሕ መሆን ለካ አይረዳም። ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ስድብ አልነበረም። ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር፣ ወረቀቱም ቤቷ እንዳለ ስታስረዳው ራሷን ሰማች። ልክ እንደ ሴቶቹ።

አመናት ወይም ያመናት መሰለ፤ ወንበር ሳበላት። ከዚያ ያልጠበቀችውን ጠየቃት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሰምታዋለችና የድንጋዩ ድምፅ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም? ጠርጥር ማሰብ ጀመረች፤ የምታስበው አጣች። እሷ የምትጠብቀው ሰው ነው፤ የሰው እጅ፣ የሰው ኪስ። ድንጋዮቹን ሰምታቸው አታውቅም።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለ ቃኚው፤ ለእሷ ይበል ለራሱ አልታወቀም። "ዜማውንስ? እሱን እንኳ ያንጎራጉሩልኝ።"

አፈረች፤ ግን አንጎራጎረች። ማንም ሰው ያውቀዋል። ቃኚው ያልፈረሰው ፒያኖ ላይ ተከተላት፤ በሦስተኛው ድግግሞሽ ብቻውን መታው። አራተኛው ድንጋይ የት የት እንደሚገባ ጮክ ብሎ እየመታ አሳያት፤ ዜማው የሚያርፈው በሱ ላይ ነው፤ ሁለት ጊዜ መሐል ላይ፣ አንድ ጊዜ መጨረሻ ላይ። ጠርጥር የእህቷ ባል እጅ ትዝ አላት። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ እንዲህ አድርጎ ሲመታው አይታ አታውቅም። መጨረሻው ላይ አምስተኛውን ነው የሚመታው። "ጥንት እንዲህ ነበር" ሲል ሰምታዋለች፤ ለየትኛው ጎብኚ እንደሆነ ባታስታውስም። ለቃኚው ምንም አልነገረችውም። ጉልበቴን አመመኝ ብላ ተነሣች።

ቅዳሜ ኮረብታው ጢም አለ። ከሌላ ከተማ የመጡ መምህራን ነበሩ፤ አርባ ያህል ይሆናሉ። የእህቷ ባል ስለ ንጉሡ ዘመቻ ከተረከ በኋላ መዶሻውን መዞ ዜማውን ጀመረ። ጠርጥር ከገመዱ ጀርባ ቆማ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እጁን ትታ ድምፁን ተከተለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አራተኛውን ዘሎ አምስተኛውን መታ። እንደገና ዘለለው። ሲጨርስ አጨበጨቡለት።

"አራተኛውንም እስቲ ምታው" አለችው።

አርባው ሰው ዞሮ አያት። እሱም አያት፤ ፈገግታው ግን ባለበት ነበር። አራተኛው ዛሬ የዓመት ፈቃድ ላይ እንደሆነ ተናገረ፤ ሳቁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ መምህርት ግን አልሳቁም፤ በሬዲዮ ሲሰሙት መጨረሻው እንዲህ እንዳልነበር፣ አንድ ድምፅ እንደጎደለ አጠገባቸው ለቆሙት ተናገሩ፤ እሳቸውም እውነት ነው አሉ። እንግዲህ ማምለጫ የለውም። ሄዶ መታው። ድንጋዩ ማንም ያልከፈተውን በር የማንኳኳት ያህል ዷ አለና ቀረ።

እርጥበት ነው አላቸው። ክረምቱ ሰርጎበታል፣ ፀሐይ ሲመታው ይመለሳል አላቸው። መምህራኑ ተቀበሉት፤ እርጥበት ምን እንደማያደርግ ማን ያውቃል። ጠርጥር ግን የመዶሻው እጀታ በላብ ከእጁ ሲንሸራተት አይታለች።

ሰዎቹ ወርደው ካለቁ በኋላ ግንቡ ጥላ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ አልተቀመጠችም፤ ፊት ለፊቱ ቆመች።

"በሆስፒታል ሳለሁ ነው?" አለችው።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ያን ሰሞን ፊልም የሚያነሱ ሰዎች መጥተው ነበር። ድምፁ ደከመብን፣ ንጉሥ ሲመለስ እንዲህ ቀስ ተብሎ አይመታም ብለው ነዘነዙት። እምቢ አላለም፤ እምቢ ማለት አያውቅም። የግንብ ጠጋኙን የብረት መዶሻ ተውሶ መታ። አንዴ ብቻ ነው የመታው። ድንጋዩ ከመሐል ለሁለት ተከፈለ። ምላስ አጥንት ይሰብራል ሲባል ጠርጥር ሰምታ ታውቃለች፤ ድንጋይ መስበሩን ግን ያን ቀን አየች። የፊልሙ ሰዎች ዕቃቸውን ሰብስበው ውልቅ አሉ። እሱ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ አንድ ጠራቢ ጠርቶ የሚመስለውን አስጠረበ፤ በጭቃና በጥላሸት ቀብቶ አጋደመው። መልኩ መስሎለት ነበር፤ የሚጮህ ድንጋይ ግን ካባው ሁሉ ቢፈለግ አልተገኘም።

"የተሰበረውስ?"

መሬት መሬት እያየ "ማጠቢያው" አላት።

 ከሆስፒታል ስትወጣ ከእነእህቷ ጋር በሚጋሩት ግቢ ውስጥ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ በጡብ ከፍ ተደርጎ የተሠራ አዲስ የልብስ ማጠቢያ ቆይቷት ነበር። በታመመ ጉልበትሽ እንዳታጎነብሺ ብሎ ነው የሠራልሽ ብላ እህቷ አሳየቻት። ጠርጥር መርቃዋለች። ወር ሙሉ የጥበቃ ልብሷን በሳሙና እየፈተገች ያጠበችው አራተኛው ድንጋይ ላይ ነበር።

ቤት ስትደርስ እህቷን ካልሲ ስታሰጣ አገኘቻት። ከድንጋዩ ራቅ ብላ ቆመች፤ እንደገና ልትነካው አልፈለገችም። ታውቂ ነበር ወይ ብላ አልጠየቀቻትም፤ የእህቷ እጅ ካልሲው ላይ ሲቆም መልሱን አየች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

እህቷ ካልሲውን ሰቅላ ጨረሰች። የተናገረችው ዞር ሳትል ነው። "እትዬ፣ ፋብሪካው ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። በየማታው በዚያ በር ስወጣ ከሌሎቹ ይልቅ እኔን ነበር አጥብቀሽ የምትፈትሺው። አድልታለች እንዳይሉሽ። አንድ ቀን ጓደኞቼ ፊት ጫማዬን አስወለቅሽኝ። ምንም አላገኘሽም፤ ይቅርታም አላልሽኝም። አሁን ባሌ ድንጋይ ሰበረ ብዬ ለማን ልንገር? ለእህቴ ነው ለፈታሽዋ?"

 ጠርጥር ሥራዬ ነበር ልትል አሰበች፤ እውነትም ነው፤ ግን ጫማው ትዝ አላት። ቡናማ፣ ማሰሪያው በሌላ ክር የተቀጠለ። እህቷ በአንድ እግሯ ቆማ ግድግዳውን ይዛ ነበር። ለምን እንዳስወለቀቻት አሁን ብትጠየቅ ምክንያት አልነበራትም። ጠርጥራ እንኳ አልነበረም። ሰው እያያት መፈተሽ ደስ ስላላት ነው።

"ጫማውን ያለ ምክንያት ነው ያስወለቅሁሽ" አለቻት።

እህቷ ይህን አልጠበቀችም። ባዶውን ሳፋ አንስታ ገባች።

ያን ሳምንት ጠርጥር ብዙ አሰበች። ብትናገር የእህቷ ልጆች የሚበሉበትን ልትደፋ ነው። ዝም ብትል በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስያዘቻቸው ሴቶች ሁሉ ምን ይሏት ነበር፤ አንዷ የተባረረችው ለሁለት ጥቅል ክር ነው። የእህቷን ባል ጠርታ ራሱ ወደ ቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ለኃላፊዋ እንዲነግር ሦስት ቀን ሰጠችው። ካልሄደ እሷ እንደምትሄድ ነገረችው። ሊለምናት ሞከረ፤ ሊያስቃትም ሞከረ። ሁለቱም ሳይሆንለት ሲቀር ተቆጣ፤ ቤቱን ያፈረሰችው ጠርጣራነቷ እንደሆነ ተናገራት። እሷ ደግሞ ድንጋዩን የሰበረው ጠርጣራነቷ እንዳልሆነ መለሰችለት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኮቱን ለብሶ ወጣ። ጽሕፈት ቤቱ ከግቢያቸው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ጠርጥር በር ላይ ቆማ ወደ ቀኝ ይታጠፍ ወደ ግራ ልታይ ትችል ነበር፤ ልትከተለውም ትችል ነበር። እግሯ ሁለት ጊዜ ተነሣ። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኖቿ መሐል አድርጋ። ምናልባት ሻይ ቤት ገብቶ ተቀምጦ፣ ሄጄ ነበር ብሎ ይመለሳል። ምናልባት ኃላፊዋ ዘንድ ገብቶ ሌላ ተረት ይነግራታል፤ ምናልባትም ድንጋዩን የሰበረችው ጠባቂዋ ናት ይላል፤ ቃኚውስ እንዲያው በዓይኑ አይቶ አልጠረጠራትም? በየደቂቃው አንድ አዲስ ነገር መጣላት። አልተነሣችም። በሕይወቷ እንደዚያ የከበደ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ከኃላፊዋና ከአራት ሠራተኞች ጋር ተመለሰ። ኃላፊዋ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ማጠቢያው ላይ የደረቀውን ሳሙና በጣቷ ፋቀችና ጣቷን በመሐረብ ጠረገች። ሠራተኞቹ ጡቡን አፍርሰው ሁለቱን ግማሾች በጋሪ ወሰዱ። ጠርጥር የድንጋዩን መለወጥ ከወር በላይ አለማወቋን፣ ይህም የራሷ ጥፋት እንደሆነ በራሷ እጅ ጽፋ ፈርማ ሰጠቻት። ኃላፊዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና እንዲህ ያለ ወረቀት ከጠባቂ ተቀብላ እንደማታውቅ ተናገረች። ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። የእህቷ ባል ከአስጎብኚነት ተነሥቶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ፤ የሸክላ ስባሪ ላይ ቁጥር ይለጥፋል። አልተባረረም። ራሱ ባይመጣ ኖሮ እንደሚባረር ኃላፊዋ ፊት ለፊት ነግራዋለች።

ጠርጥር ወደ ፒያኖው ቤት ሄዳ ለቃኚው ነገረችው። ጨርሳ ሳትነግረው መሳቅ ጀመረ፤ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ሳቀ። በእርግጥ ተሰብሯል? በእርግጥ በቦታው የነበረው ሌላ ድንጋይ ነው? ሁለቴ አስደገማት። ስንት መቶ ዓመት የኖረ ቅርስ ተሰብሮ ሰው ይስቃል ብላ ኮስተር አለችበት፤ አንድ አፍታ ደግሞ ነገሩ ሁሉ የሱ እጅ ያለበት መሰላት። አፍሮ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ያን ዕለት ከሰዓት የትምህርት ቤቱን ፒያኖ ሊቃኝ እንደሚሄድ ነገራት፤ ለጠረጠራትም ይቅርታ ጠየቃት። ይቅርታ ስትጠየቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ ምንም አይደል አለች።

የእህቷ ባል ማታ ማታ ቤት ውስጥ ዝም ይላል። እህቷ ሦስት ሳምንት ከእሷ ጋር ከሰላምታ በላይ አልተነጋገረችም። በአራተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍሏን አንኳኩታ ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የመጣችው ስለ ባሏ ነው። በምሳ ሰዓት የግምጃ ቤቱ ሠራተኞች ሁሉ እሱ ዘንድ እየተሰበሰቡ እንደሆነ፣ አንዷን የገል ስባሪ አንስቶ የንጉሡ እናት የምትጠጣበት ነበር እያለ ሲተርክ እንደሚውል ሰምታለች። ኃላፊዋ ብትሰማስ?

"እውነት የንጉሡ እናት ይሆን?" አለች ጠርጥር።

"እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ።"

"ስባሪዋን እሱ ካልሰበራት ይተርክ" አለች።

እህቷ ልትስቅ ፈለገችና ተወችው፤ አልተነሣችም ግን። ሻይ እንዳለ ጠየቀች። ጠርጥር ውሃ ልትጥድ ሄደች።